«ገብቶኛል» ያለው ልጅ፣ «አልገባኝም» ያለችው ልጅ፦ ከሐዋሳ የአንድ ቤት ጉዳይ

ጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ 11 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብ ፈተና ሠርተው ሲጨርሱ፣ ወረቀቱን ከማስረከባቸው በፊት ጥግ ላይ አንድ ቁጥር እንዲጽፉ ጠየቅኳቸው፤ ከ20 ስንት አመጣለሁ ብለው እንደሚያስቡ። ፈተናው ቾይስ የለውም፣ አሠራሩ ነው የሚታረመው። ማታ ሳርም ሁለት ወረቀቶች ላይ ቆየሁ። የአንዱ ጥግ 16 ይላል፤ ልጁ ያገኘው 8 ነው። የሌላው ጥግ 8 ይላል፤ ልጅቷ ያገኘችው 14 ነው። እሷ የእናቱ የእህት ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ ከአለታ ወንዶ መጥታ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። አንድ ቤት ያድራሉ፣ አንድ መጽሐፍ ይጋራሉ፣ ክፍላቸውም አንድ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሐምሌ የሁለቱን ወረቀት ለብቻው አስቀመጥኩ። ስማቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውንና ቤታቸው ያለበትን ሰፈር እዚህ አላነሳም። እንድጽፈው ግን ሁለቱም፣ እናትየዋም ፈቅደውልኛል።

ግምት ማስጻፍ የጀመርኩት ከአንድ ዓመት በፊት ካየሁት ድንጋጤ የተነሳ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጥቶ ውጤቱ ጥር 2015 ሲነገር፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። የሚቀጥለውም ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት፣ ኮሮና፣ ጦርነት፣ ለዓመታት የኖረው ኩረጃ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያስጠናኋቸው ልጆች ከፈተናው በፊት በነበረው ሳምንት «ቲቸር፣ ይሳካል» ይሉኝ የነበረው ከልባቸው ነበር። አንዳቸውም አልዋሹኝም። አንድ ሰው 12 ዓመት ተምሮ የት እንደቆመ ሳያውቅ ፈተና አዳራሽ የሚገባው እንዴት ነው? ሥነ ልቦና ተምሬ ሒሳብ የማስጠና ሰው ነኝና ጥያቄው በሁለቱም በኩል የሚመለከተኝ መሰለኝ።

ስለ ሁለቱ ልጆች የመጀመሪያውን ማብራሪያ የሰጡኝ እናትየዋ ናቸው። ወርሃዊ ክፍያ ሊከፍሉ መጥተው ሁለቱን ወረቀት ሳሳያቸው ብዙም አልገረማቸውም። «እሱ የአባቱ ኩራት ነው ያለበት፣ ቲቸር። እሷ ደግሞ ምን ታድርግ፣ እንግዳ ናት፣ ትፈራለች።» እኔም ተቀበልኳቸው። እንደዚያ ካሰቡ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የሚኩራራውን ዝቅ ማድረግ፣ የምትፈራውን ማበረታታት። ለእሱ «ረጋ በል፣ ራስህን አትካብ» አልኩት። ለእሷ «አይዞሽ፣ ትችያለሽ» አልኳት። በሁለተኛው ፈተና እሱ 15 ገምቶ 9 አመጣ፣ እሷ 9 ገምታ 14። በሦስተኛው እሱ 16 ገምቶ 8፣ እሷ 8 ገምታ 15። ተግሳጼም ማበረታቻዬም ቁጥሩን ንቅንቅ አላደረገውም።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረታችን የእሱን ይናገር ይሆናል፤ የእሷን ግን አይነካውም። አንዱን በባሕርይ፣ ሌላዋን በሌላ ባሕርይ ማስረዳት ደግሞ ምንም እንዳላስረዱ ነው።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲያጠኑ ላያቸው ቤታቸው ሄድኩ። ልጁ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ሾርት ኖቱ በጣም ያምራል፤ ፎርሙላው በቀይ፣ ምሳሌው በሰማያዊ፣ አስፈላጊው መስመር በቢጫ ሃይላይተር። የዴሪቬቲቭን ምሳሌዎች ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይከተላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ገጽ ይገልጣል። ሰነፍ ልጅ አይደለም፤ ከምሳ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከወንበሩ አልተነሳም። «ይሄ ምዕራፍ እንዴት ነው?» ስለው «ገብቶኛል» አለኝ። ደብተሩን ዘግቼ፣ አሁን ያነበበውን ምሳሌ በባዶ ወረቀት እንዲሠራልኝ ጠየቅኩት። የመጀመሪያውን መስመር ጻፈ። ሁለተኛውን ጻፈ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ፊቱ ላይ ያየሁት እፍረት ሳይሆን መገረም ነበር፤ «አሁን እኮ አውቀው ነበር!»

እውነቱን ነው። ደብተሩ ክፍት ሳለ እያንዳንዱ መስመር ከላዩ ካለው መስመር ሲወርድ ይታየዋል፤ የሚያደናቅፈው ነገር የለም። አእምሯችን ደግሞ ያለ እንቅፋት ያለፈለትን ነገር «አውቄዋለሁ» ብሎ ይመዘግባል። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ በቁጥር አሳይተዋል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ፤ ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ዘግተው ያስታወሱትን በባዶ ወረቀት ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋሚዎቹ 81 በመቶ፣ ዘግተው የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋሚዎቹ 42፣ ዘግተው የጻፉት 56። በዚያው ጥናት በተደረገ ሌላ ሙከራ፣ ከሳምንት በኋላ ብዙ እናስታውሳለን ብለው በይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ልጁ ራሱን የሚመዝነው በዚያ የአምስት ደቂቃ ስሜት ነው። ሚዛኑ የተሳሳተ እንጂ ልቡ ያበጠ አልነበረም።

ልጅቷን ያገኘኋት የአክስቷ ሱቅ ውስጥ ነው። ከትምህርት መልስ ሱቅ ትጠብቃለች። ከስኳሩ ከረጢት አጠገብ፣ ጀርባው ባዶ የሆነ የተጣለ ወረቀት ላይ ጥያቄ ትሠራለች። መልሱን በእጇ ሸፍናለች። ትሠራለች፣ ታያለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ወረቀቱ ሙሉ ሰረዝ ነው። «እንዴት ነው?» አልኳት። «አልገባኝም፣ ቲቸር። ሦስቴ ተሳሳትኩ።» አራተኛው ትክክል ነበር፤ እሷ ግን ሦስቱን ነው የቆጠረችው።

ይህን የማረጋገጥ ልማድ ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት ከትምህርት ቤት አልነበረም። ማታ የሱቁ ሒሳብ ሲዘጋ 30 ብር ቢጎድል ያው ማታ ይታወቃል፤ ማን ምን እንደወሰደ፣ መልስ ለማን እንደበዛ እስኪገኝ አይተኛም። ስህተት በተሠራ ዕለት የሚታይበት ቦታ ላይ ነው ያደገችው። የልጁ ስህተት ግን ወራት ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ እሱም በካርድ ላይ በተጻፈ ደረጃ ተሸፍኖ። ከክፍሉ ሦስተኛ ነው። ዘመድ ሲመጣ ቡና ላይ «ቀለሜው የኛ ልጅ» ይባላል። ሦስተኛ መውጣት ከእነማን መካከል እንደሆነ ማንም አይጠይቅም፤ ልጁም አልጠየቀም። ጎረቤትና ዘመድ በጨዋነት የሚነግረን ነገር ደስ ያሰኛል፣ ሚዛን ግን አይሆንም። በዚህ ረገድ በቤቱ ያልተመሰገነችው ልጅ ሳይታሰብ ተጠቅማለች ማለት ነው፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚጠቅሰው ጥናት ማንሳት አለብኝ፤ ብዙ ጊዜ ሲጠቀስም ተጣሞ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎቹ ጀስቲን ክሩገርና ዴቪድ ደኒንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን በቀልድ ምዘና፣ በሎጂክና በሰዋስው ፈተኑ፤ ከሌሎች አንጻር የት እንደሚቆሙም አስገመቷቸው። ከታች ባለው ሩብ ውስጥ የወደቁት በአማካይ ከ100 ሰው 12ቱን ብቻ የሚበልጡ ሆነው ሳለ፣ 62ቱን እንበልጣለን ብለው ገመቱ። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ቀጥተኛ ነው፤ አንድን ነገር በትክክል ለመሥራት የሚያስፈልገው እውቀትና ትክክል መሠራቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው እውቀት አንድ ነው። አንዱ ከሌለ ሌላውም የለም። ሰው ግን ጥናቱን «ደደብ ደደብነቱን አያውቅም» ብሎ ለመሳደቢያ ያውለዋል። ጥናቱ እንዲህ አላለም። ታች የነበሩት አንደኛ ነን አላሉም፤ ከመካከለኛው ትንሽ ከፍ እንላለን ነው ያሉት። በአንድ ነገር ታች የሆነ ሰው በሌላው ከላይ ሊሆን ይችላል፤ ሁላችንም በሆነ ነገር ታች ነን።

ተቃውሞም ገጥሞታል። ዮአኪም ክሩገርና ሮስ ሙለር እ.ኤ.አ. በ2002 የልዩነቱ ትልቅ ክፍል ከስሌት የሚመጣ ነው ብለው ተከራከሩ። ታች ያለ ሰው ቢሳሳት የሚሳሳተው ወደ ላይ ነው፤ ወደ ታች ቦታ የለውም። የአንድ ፈተና ውጤት ውስጥ ዕድልም አለበት፤ ዛሬ ታች የወደቀ ነገ ወደ መሐል ይጠጋል። ሰው ሁሉ ደግሞ ራሱን ከአማካይ በላይ የማየት ዝንባሌ አለው። ክርክሩ ይመዝናል። በአንድ ወረቀት ያልፈረድኩትና እስከ ሦስተኛው ፈተና የጠበቅኩትም ለዚሁ ነው፤ የልጁ ግምት ሦስቴም ከፍ ያለው በዕድል ነው ለማለት ይከብዳል። በዚያ ላይ በረንዳው ላይ የቆመውን እስክሪብቶ አይቻለሁ።

ከክሩገርና ደኒንግ ጥናት ብዙም የማይነገረው የላይኞቹ ነገር ነው። በጣም ጥሩ የሠሩት ተማሪዎች ቦታቸውን ዝቅ አድርገው ገመቱ፤ ለእነሱ የቀለለው ለሌላውም የቀለለ ስለመሰላቸው ነው። ከሳምንታት በኋላ የሌሎችን ወረቀት እንዲያርሙ ሲደረግ ግን ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምት ወደ እውነቱ ቀረበ። ታች የነበሩት ያንኑ ወረቀት አርመው ምንም አልተማሩበትም። ይህን እኔም ሞከርኩት። ስም የተሸፈነ አምስት ወረቀት ለሁለቱም ሰጠኋቸው። እሷ ሁለተኛው ወረቀት ላይ ቀና ብላ «ይሄን ጥያቄ ሁሉም አልሠራውም እንዴ?» አለች። እሱ አምስቱንም አርሞ፣ ከራሱ ጋር የሚመሳሰለውን ስህተት ትክክል ብሎ መለሰልኝ።

የእሷ ዝቅ ያለ ግምት ጨዋነት እንጂ እምነት አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። እኔም አስቤዋለሁ። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስለ ራሷ 15 አመጣለሁ ብላ ብትጽፍ ነገ ምን እንደምትባል ታውቃለች። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስም በሌለው፣ በሚታጠፍ ወረቀት አስገመትኳቸው፤ የማን እንደሆነ ማንም እንደማያይ ነገርኳቸው። ክፍሏ ውስጥ ብቸኛዋ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የምትጽፈው እሷ መሆኗን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፤ ያየሁባትን ኋላ ነግሬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። በግልጽ 9 ትጽፍ የነበረችው በድብቁ 11 ጻፈች፤ ያመጣችው 15። ጨዋነቱ ሁለት ነጥብ ያህል ነበር፤ የቀረው አራቱ እምነቷ ነው።

እምነት ደግሞ ውሳኔ ይወስናል። በየካቲት ትምህርት ቤታቸው የጥያቄና መልስ ውድድር ተዘጋጅቶ ለሒሳብ ስም ስጡ ተብሎ ነበር። እሱ ስሙን ሰጠ፣ እሷ አልሰጠችም። ጆይስ ኤርሊንገርና ዴቪድ ደኒንግ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ከዚህ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ወንድና ሴት ተማሪዎች የሳይንስ ፈተና ሠሩ፤ ከ10 ጥያቄ ሴቶቹ በአማካይ 7.5፣ ወንዶቹ 7.9 አገኙ፤ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አይደለም። ስንት እንዳገኙ ሲገምቱ ግን ሴቶቹ 5.8፣ ወንዶቹ 7.1 አሉ። ከዚያ ውጤታቸው ሳይነገራቸው ለሳይንስ ውድድር ተጋበዙ፤ ከወንዶቹ 71 በመቶ፣ ከሴቶቹ 49 በመቶ እሺ አሉ። የወሰነው ግምታቸው እንጂ ውጤታቸው አልነበረም። ይህን ለልጅቷ ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ «ውድድሩ ላይ የቀረቡትን ጥያቄዎች ኋላ ሠርቼያቸው ነበር» አለችኝ። ስንቱን እንደሠራች አልጠየቅኳትም።

የእኔም ሚዛን ከዚህ የጸዳ አልነበረም። በጥር ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ለእሱ 14፣ ለእሷ 10 ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። እሱ ቶሎ ይመልሳል፣ ድምፁ ይሰማል፤ እሷ ጥግ ትቀመጣለች። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ ጥናት የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ 94 በመቶዎቹ ከአማካይ በላይ ነን ብለዋል። እኛ የማስተማሩ ሰዎች ልጆቹን ብቻ እያየን ይህን ጉዳይ መጨረስ አንችልም።

ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ አሠራሩን ለወጥኩ። አጠቃላይ ቁጥር መገመቱ ቀርቶ እያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ አንድ ፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ «እ» እርግጠኛ ነኝ፣ «ጥ» እጠራጠራለሁ፣ «ግ» ገመትኩ። በጥናት ጊዜ ደግሞ አንድ ምሳሌ ተጠንቷል የሚባለው ደብተር ተዘግቶ በባዶ ወረቀት ሲሠራ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ፈተና ልጁ 14 ጥያቄ ላይ «እ» ጻፈ፤ ከ14ቱ ትክክል የሆኑት 6 ናቸው። ቁጥሩን የቆጠረው ራሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዘግቶ ሊሠራ ከሞከራቸው አሥር ምሳሌዎች ሁለቱ ሆኑለት። ከዚያ መምጣት አቆመ።

ሁለት ሳምንት ቀረ። እናቱ ሱቅ ዘግተው ወደ ክፍሌ መጡ፣ ቁጭ በሉ ብላቸውም እምቢ አሉ። «ልጄ ደንቆሮ ነኝ ይላል። እኔ ያመጣሁልዎት እንዲያስጠኑት ነው፤ ተስፋ አያስቆርጡብኝ።» የምመልሰው አልነበረኝም። ክሩገርና ደኒንግ ታች ለነበሩት አጭር የሎጂክ ሥልጠና ሲሰጧቸው፣ ችሎታቸው ሲጨምር ስለ ራሳቸው ያላቸው ግምት ወርዶ ወደ እውነቱ ቀርቦ ነበር። አንብቤዋለሁ፤ ግን ያነበብኩት ግራፍ ላይ እንዳለ መስመር ነው። «ቀለሜ» ተብሎ ላደገ የ18 ዓመት ልጅ ያ መስመር ሲወርድ ምን እንደሚመስል አላሰብኩም። የኖረበትን ሚዛን ነጥቄ በምትኩ የሰጠሁት የስህተት ቁጥር ብቻ ነው። በአንዲት ትንሽ ርዕስ ጀምሬ፣ ግምቱ ሲወርድ ውጤቱ በዚያው ሳምንት ሲወጣ እንዲያይ ማድረግ ነበረብኝ። ምዕራፉን በሙሉ በአንዴ ነው የጫንኩበት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የመለሰው የእኔ ንግግር አይደለም። ፋሲካ ሰሞን ልጅቷ ያንን በሰረዝ የተሞላ ወረቀቷን ሰጠችው። አንድ ቤት ሲኖሩ ወረቀቱን አይቶት አያውቅም፤ የሚያየው የታረመውንና 14 ወይም 15 የተጻፈበትን ነው። ቁጭ ብላ በአንዴ የምትሠራ ይመስለው ነበር። ሦስቴ ተሳስታ አራተኛው ላይ እንደምትደርስ ሲያይ፣ የእሱ ከአሥር ሁለት ማግኘት የደንቆሮ ምልክት መሆኑ ቀረ፤ የጥናት መጀመሪያ ሆነ። እሷ የሌሎችን ወረቀት አይታ ከፍ እንዳለች፣ እሱ የእሷን ወረቀት አይቶ ተረጋጋ። ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ መጣ። ሾርት ኖቱን አሁንም ያሳምራል፤ ግን አጠገቡ ጀርባው ባዶ የሆነ ወረቀት ይዞ ነው።

በሰኔ የመጨረሻ ፈተናችን እሱ 11 ገምቶ 12 አመጣ። እሷ 13 ገምታ 17።

ከዚህ ብዙ መደምደም አልፈልግም። ሁለት ልጆች ናቸው፣ አንድ ቤት ነው፣ አንድ አስጠኚ ነው፤ ሌላ ልጅ ላይ የተለየ ነገር ሊሆን ይችላል። ስድስት ወርም የ12 ዓመት ጉድለት አይሞላም። በሐምሌ ሁለቱም ብሔራዊ ፈተናውን ተፈትነው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲመለሱ፣ በአጠቃላይ ከመቶ ስንት እንደሚያመጡ በወረቀት ጽፈው በፖስታ አሽገው ሰጡኝ። በአገር ደረጃ በዚያ ዓመት ያለፉት 5.4 በመቶ ናቸው። ውጤቱ ሲወጣ ሦስታችንም ባለንበት ፖስታዎቹን ከፈትኩ። ልጁ 46 ብሎ ነበር፤ ያመጣው 44 ነው። ሬሜዲያል ይገባል። አንገቱን አልደፋም፤ የትኞቹ ጥያቄዎች እንዳመለጡት በቃሉ ይነግረኝ ጀመር።

የልጅቷ ወረቀት ላይ መጀመሪያ 45 ተጽፎ ተሰርዟል፤ ከጎኑ 51 አለ። ያመጣችው 63 ነው። ለምን እንደሰረዘችው ጠየቅኳት።

«45ን እጄ ነው የጻፈው» አለች። «ከዚያ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ስቆጥር 58 መጣ። እሱን መጻፍ ግን ከበደኝ፣ ቲቸር።»